ቀይ ቀበሮን የሚመግበው የባሌ ፍልፈል

ስለ ባሌ ተራሮች በተወራ ቁጥር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ቀይ ቀበሮን ነው። ሥዕሉ በቴምብር ላይ ታትሟል፤ ስሙ በትምህርት ቤት ይጠናል፤ እርሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እንግዳም ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ ክብር የሚገባው መሆኑን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ቀይ ቀበሮ በዚያ የውርጭ አገር ምን በልቶ እንደሚያድር የጠየቀ ሰው ዓይኑን ከቀበሮው ላይ አንሥቶ ወደ መሬት መጣል ይኖርበታል። ከሣሩ ሥር፣ በጉድጓድ ውስጥ፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም የማይዘል አንድ ቆፋሪ ፍጥረት ይኖራል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ፍጥረት፣ ይልቁንም ስለ መጠኑ ነው። እንስሳው የሚበላው ነገር፣ ከጉድጓዱ የሚወጣበት ሰዓት፣ የሚበላው ጠላትም ሳይቀር ከመጠኑ ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለንና።

ፍልፈል ሲባል የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ጧት ወደ ጓሮው የወጣ ገበሬ ማታ ያልነበረ የአፈር ቁልል በድንቹ ወይም በእንሰቱ መካከል ተከምሮ ቢያገኝ፣ የማን ሥራ እንደ ሆነ ለማወቅ ምስክር አይጠራም። ፍልፈል ከመሬት በታች መንገድ እየማሰ ሥር የሚበላ፣ ዓይኑ ትንንሽ፣ ጥርሱ ረዥምና ብርቱ የሆነ እንስሳ ነው። በእርሻ አገር የምናውቀው ይህ ተራ ፍልፈል በአማካይ 200 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በእጅ ቢይዙት ከመዳፍ ብዙም አይተርፍም። የባሌው ፍልፈል የዚሁ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። የእንስሳት ሊቃውንትም ግዙፉ ፍልፈል ወይም ባለ ትልቅ ራሱ ፍልፈል እያሉ ይጠሩታል።

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና እስከ ጎንደር ድረስ የተጓዘ፣ አያሌ አራዊትንና አዕዋፍን ሰብስቦ የጻፈ ተመራማሪ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀውም እርሱው ነው፤ ስለዚህ አዳኙና ታዳኙ ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ሰው ብዕር ነው ማለት ነው። ለፍልፈሉ በ1842 የሰጠው ስም ዛሬ ታኪዮሪክቴስ ማክሮሴፋለስ ተብሎ ይጻፋል። ቃሎቹ ከግሪክ የመጡ ሲሆኑ የፊተኛው ፈጣን ቆፋሪ፣ የኋለኛው ባለ ትልቅ ራስ ማለት ነው። ስሙ ረዥም ቢመስልም እንስሳውን ያየ ሰው ተገቢ ስም መሆኑን ይመሰክራል።

በዚሁ በ1842 ሩፔል ሌላ የአገራችንን ቆፋሪ ስም አውጥቶለታል። ይኸውም በምሥራቅ ቆላ የሚኖረው ጠጉር አልባ ፍልፈል ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩአቸው ልዩነታቸውን ማስታወቅ ይገባል። ጠጉር አልባው ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን፣ እንደ ንብ በአንዲት ንግሥት ሥር በብዙ አሥሮች ሆኖ በአንድ ዋሻ የሚኖር የሙቀት አገር ፍጥረት ነው። የባሌው ግን ጠጉረ ወፍራም፣ ብቸኛ፣ የብርድ አገር ነዋሪ ነው። በትውልድም ቢሆን የሩቅ ናቸው፤ የባሌው ፍልፈል ቅርብ ዘመዶች በእስያ ቀርከሃ እየበሉ የሚኖሩት ትልልቅ ቆፋሪ አይጦች ናቸው። ሌላም ስሕተት አለ። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፍልፈል የሚለውን ቃል የፈለገ ተማሪ፣ በአውሮፓ የአትክልት ቦታ የሚቆፍረውን ትል በል እንስሳ ያገኛል። ያ እንስሳ ግን ከአይጥ ወገን አይደለም። ሁለቱን ያመሳሰላቸው ሥራቸው ነው እንጂ ዘራቸው አይደለም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ያደገ የባሌ ፍልፈል ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር 30 ሣንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ብዙ የሚያልፍ ርዝመት አለው። ጅራቱ ደግሞ 5 ሣንቲ ሜትር ያህል የሆነች ቁራጭ ናት። ተይዘው በሚዛን ላይ የተቀመጡት ከ330 ግራም ጀምሮ እስከ 930 ግራም ድረስ መዝነዋል። ግዙፍ የሚለው ስም እንግዲህ ከዘመዶቹ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ ከአንድ የገጠር ዶሮ ጋር ቢመዘን ሚዛኑ ወደ ዶሮዋ ያደላል።

ሰውነቱ አንገት የሌለው በርሜል ይመስላል። ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ይህም ስፋት ለጌጥ የተሰጠው አይደለም፤ መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች የተተከሉበት ቦታ ነው። የባሌ ፍልፈል መሬት የሚቆፍረው በዋናው በጥርሱ ነው። ከፊት ያሉት አራቱ ጥርሶቹ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው፣ ከአፍ ውጭ ወጥተው የሚታዩ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድጉ መሮዎች ናቸው። የአይጥ ወገን የፊት ጥርስ ሁሉ ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ባይሠራበት ኖሮ አፉን ዘግቶ ይገድለው ነበር። እየቆፈረ አፈር እንዳይውጥም ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ይገጥማል፤ ስለዚህ አፉ ተዘግቶ ጥርሱ ይሠራል። የተፈነቀለውን አፈር በፊት እግሮቹና በራሱ እየገፋ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዓይኖቹ አቀማመጥ ነው። ትንንሽ ቢሆኑም አጥርተው ያያሉ፤ የተቀመጡትም በጎንና በጎን ሳይሆን ከፍ ብለው በራሱ አናት አጠገብ ነው። አዞ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን ብቻ ብቅ እንደሚያደርግ፣ ፍልፈሉም ሰውነቱን በጉድጓድ ውስጥ እንደ ደበቀ ከአናቱ ጫፍ ዙሪያውን ይቃኛል። ከመሬት በታች ለሚኖር እንስሳ ይህን ያህል የተጠና ዓይን ምን ያደርግለታል? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ለምን ይህን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የባሌ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኝም። በባሌም ቢሆን መኖሪያው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው የውርጭ ሜዳ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ የወጣ መንገደኛ አገሩን ያውቀዋል። ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ማታ ውኃው ይረጋል፤ በደረቁ ወራት ሌሊት ላይ የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚወርድበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ አገር ትልቅ ሰውነት ይጠቅማል። ምክንያቱን በወጥ ቤት መመልከት ይቻላል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ድንች ቀቅሎ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ትንሹ ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ያያል። ሙቀት የሚወጣው በላይ በኩል ባለው ገጽ ነው፤ ሙቀት የሚቀመጠው ግን በውስጥ ባለው ሥጋ ነው። ሰውነት ሲያድግ ሥጋው ከገጹ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚጨምር ትልቁ ሙቀቱን የሚያባክነው በዝግታ ነው። ጅራቱ ማጠሩ፣ ጆሮው በጠጉር ውስጥ መደበቁ፣ ጠጉሩም መወፈሩ ይህንኑ ሥራ ያግዛሉ።

ይህ ሕግ ግን ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። በዚያው ሜዳ 100 ግራም ያህል ብቻ የሚመዝኑ ሌሎች አይጦች በብዛት ይኖራሉና። እነርሱ ሌሊቱን በጉድጓድ አሳልፈው ቀን በፀሐይ ይመገባሉ። ስለዚህ ትልቅነት ከብርድ ማምለጫው አንዱ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ትልቅ መሆን ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የእርሻ አገሩ ፍልፈል ከመሬት በታች ሥር ለሥር እየማሰ ሲሄድ የሚያገኘው ምግብ የድካሙን ያህል ይከፍለዋል። የጉድጓዱ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ግን ለእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት የሚወጣው አፈር አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እንስሳ፣ ቀጫጭን ሥር ፍለጋ ያን ሁሉ አፈር ቢፈነቅል ከሚያገኘው የሚያጠፋው ይበልጣል። ሒሳቡ ስላላዋጣው የባሌ ፍልፈል አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከመሬት በላይ ካለው ሣርና ቅጠል ነው። ከጉድጓድ መውጣት ግድ ሆነበት ማለት ነው። አናቱ ላይ የተቀመጡት ዓይኖች ጥቅማቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አወጣጡም በጣም የተቆጠበ ነው። ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ከውስጥ በኩል አፈር እየገፋ አዲስ አፍ ይከፍታል። ራሱን ብቅ አድርጎ ጥቂት ይቆያል። ከዚያም ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ የኋላ እግሮቹን ግን በጉድጓዱ አፍ እንደ ተከለ፣ በዙሪያው የደረሰበትን ሣር በጥርሱ እየነጨ አፉን ይሞላል፤ ወዲያውም ዞር ሳይል ወደ ኋላው ሰተት ብሎ ይገባል። እንደገና ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። በዙሪያው ያለው ሣር ሲያልቅ አፉን በአፈር ይደፍንና ሌላ ቦታ ይከፍታል። በዚህ ዓይነት ከመሬት በላይ የሚታይበት ጊዜ በጠቅላላው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት የሚያሳልፈው በጨለማ ነው።

በጨለማው ውስጥ ያለው ቤት ግን የተናቀ አይደለም። ደረቅ ሣር የተነጠፈበት መኝታ፣ የምግብ ማከማቻ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው መተላለፊያ አለው። በኬንያ የሚገኘውን ትንሹን ዘመዱን ያጠኑ ሊቃውንት አንድ ብልሃት አግኝተዋል። ፍልፈሉ መኝታውን፣ ጎተራውንና መጸዳጃውን በአንድ ክፍል ውስጥ ያደርጋል፤ ቆሻሻውና ትራፊው ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ መኝታውም በዚህ ይሞቃል። ለኛ ለሰዎች ጽዳት መስሎ ባይታየንም፣ የፍግ ክምር ጧት ጧት ሲጨስ ያየ ገበሬ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

የመሬት ውስጥ ኑሮ ሌላም ችግር አለው፤ አየሩ የታፈነ ነው። ከተራራው ከፍታ የተነሣ ኦክሲጅኑ አስቀድሞ የሳሳ ሲሆን፣ በተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል። ፍልፈሉ በዚህ ሁለት እጥፍ እጥረት ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ ሲነጋም መቆፈሩን ይጀምራል።

ሣነቴ ላይ ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው ከፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማ ሊያይ ይችላል። ወፊቱ የምትፈልገው ከሚገለበጠው አፈር ጋር የሚወጡትን ተባዮች ነው። ፍልፈሉ ደግሞ በምላሹ ጥበቃ ሳያገኝ አይቀርም፤ ወፊቱ አደጋ አይታ ስትጮህ እርሱ ሲገባ ይታያልና። ደመወዝ የማይከፈላት ዘበኛ ብንላት ስሕተት አይሆንም።

ዘበኛ የሚያስፈልገው ማንን ፈርቶ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በባሌ ከሚኖረው ቀይ ቀበሮ ምግብ ውስጥ ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው የአይጥ ወገን ነው። ከነዚህም መካከል በቁጥር ትንንሾቹ አይጦች ቢበዙም፣ በሥጋ ሚዛን ዋናው ሲሳይ ፍልፈሉ ነው። ቀበሮው ወንዱ 16 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ 13 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። በ100 ግራም አይጥ ይህን ሰውነት ለማኖር ቀኑን ሙሉ መሮጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ትልቅ ፍልፈል የያዘ ቀበሮ ግን ብዙ አይጥ በአንድ ጊዜ እንደ ያዘ ይቆጠራል።

አዳኙም ሥራውን ያውቃል። አዲስ የተከፈተ አፈር ያየ ቀበሮ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ቀስ እያለ ይቀርባል፤ ፍልፈሉ ራሱን ባወጣ ቁጥር ይቆማል፤ በገባ ቁጥር አንድ እርምጃ ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜ እንደ ድንጋይ ደርቆ ረዥም ሰዓት ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ዝላይ ነው፤ ወይ ይይዘዋል፤ ወይ አፈር ይቀርለታል። ያመለጠውን እየቆፈረ የሚያሳድድበትም ጊዜ አለ፤ በቁፋሮ ግን ከፈጣን ቆፋሪው ጋር መወዳደር ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የፍልፈሉ መጠን የቀበሮውን ጠባይ እንዴት እንደ ወሰነው ልብ ይሏል። ተኩላና የአፍሪካ የዱር ውሻ በመንጋ የሚያድኑት ትልቅ እንስሳ ለመጣል ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በቤተሰብ አብሮ ይኖራል፤ ድንበሩን አብሮ ይጠብቃል፤ ቡችሎቹንም አብሮ ያሳድጋል፤ ለአደን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል። አንድ ፍልፈል ለአንድ አፍ ይበቃል፤ ለሁለት ግን አይካፈሉትም። አፉ ሾጣጣና ቀጭን የሆነውም ከጉድጓድ አፍ ትንሽ እንስሳ ለመንጠቅ ስለሚመች ነው። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ፣ ማለት የፈረስ ቀበሮ የሚል ስም አለው፤ ከምትወልድ ፈረስ አጠገብ ስለማይጠፋ ነው ይባላል። ኑሮውን ለሚያውቅ ግን የፍልፈል ቀበሮ ቢባል ይበልጥ ያስኬድ ነበር።

ስለ መራባቱም ጥቂት እንበል። ተራ አይጥ በሦስት ሳምንት ውስጥ አርግዛ ስድስትና ሰባት፣ ከዚያም በላይ ትወልዳለች። የፍልፈል ወገን ግን እርግዝናው ከአንድ ወር ያልፋል፤ የሚወልደውም ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ልጆቹም ጥቂት ካደጉ በኋላ የየራሳቸውን ጉድጓድ ይዘው ይለያሉ፤ ሁለት ያደጉ ፍልፈሎች በአንድ ቤት አይስማሙም። የዚህ ትርጓሜው ቀላል አይደለም። የአይጥ መንጋ ቢያልቅ በአንድ ወቅት ዝናብ ሊተካ ይችላል። የፍልፈል ሜዳ ባዶ ከሆነ ግን የሚመለሰው በዓመታት ነው።

ለሜዳው የሚያደርገውም አገልግሎት ችላ የሚባል አይደለም። በያመቱ ከታች ወደ ላይ የሚያወጣው አፈር፣ በጉድጓዱ የሚያስገባው ሣርና የሚተወው ፍግ መሬቱን ያገላብጠዋል። የተቆፈረበትና ያልተቆፈረበት ቦታ ላይ የሚበቅለው ተክል እንኳ አይመሳሰልም፤ ከሩቅ ሲታይ ሜዳው በጉብታና በነጠብጣብ የተጠለፈ ይመስላል። የባሌ አናት በሬ ያልጎተተው ማረሻ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ሥጋ ያገኘው ቀበሮው ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ሳይንስ በቅርቡ ደርሶበታል። ከባሌ ተራሮች በአንዱ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት በዚያ ቆፍረው ያገኙትን በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። በዋሻው ውስጥ ከዛሬ 47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የእሳት አመድ፣ ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎች፣ የእንስሳት አጥንቶችም ተገኝተዋል። ከአጥንቶቹ አብዛኞቹ የዚሁ የግዙፉ ፍልፈል ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በእሳት የተለበለቡ ናቸው። ሰዎቹ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር ማለት ነው።

ያ ዘመን የባሌ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነበት ዘመን ነበር። ቆላው በድርቅ ሲመታ ከተራራው የሚቀልጠው በረዶ ውኃ ይሰጥ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆነውን ጥቁር ባልጩት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ካለው ስፍራ ያመጡ ነበር። ሥጋው ደግሞ በየእርምጃው ከመሬት ውስጥ ብቅ ይላል። ሰው በዚህ ከፍታ ላይ በዚያ ጥንታዊ ዘመን መኖሩ በዓለም ላይ ከታወቁት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ብዙዎቻችን ዛሬ ፍልፈል ብላ ብንባል ፊታችንን እናዞራለን፤ ሆኖም የደጋ ኑሮን ከጀመሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ያደሩት በእርሱ ሥጋ ነው። መጠኑ እዚህም ላይ ገብቷል፤ 100 ግራም አይጥ እያደነ የሚኖር ሰው አይገኝም፤ ስምንትና ዘጠኝ መቶ ግራም ግን ራት ነው።

ቀበሮውንም ሆነ እነዚያን ሰዎች ያኖረው ይህ እንስሳ ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ወገን ተጽፏል። ምክንያቱ አዳኙ ቀበሮ አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ብዙ ሺህ ዓመት ኖረዋል። ምክንያቱ የሜዳው ሁኔታ ነው። የባሌ አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ ከብቶቻቸውን በወቅት በወቅት ወደ ደጋና ወደ ቆላ ያዘዋውሩ ነበር። ከብቱ ሲሄድ ሣሩ ያርፋል። ከጊዜ በኋላ ግን በደጋው ላይ ቋሚ ሰፈራ እየበዛ፣ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ፣ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ መዋል ጀመረ። ከብቱ የሚግጠው ሣር ፍልፈሉ በቀን አንዷን ሰዓት የሚወጣለት ያው ሣር ነው። ከዚህም ሌላ ሣሩ ሲላጭ መደበቂያው አብሮ ይሄዳል፤ የተረገጠ መሬት ደግሞ ለመቆፈር ያስቸግራል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1970 ነው፤ ወሰኑ በሕግ የታወጀው በ2014፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በ2023 ነው። ከመመሥረቱ እስከ አዋጁ ያለፉት 44 ዓመታት፣ በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን ቢለኩ፣ ሰው ተቀጥሮ ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ ነው። በዚህ መካከል በደጋው የሰፈረውን ሕዝብ በአንድ ቀን ትእዛዝ ማንሣት የሚቻል አይደለም፤ ከብቱ ሀብቱ ነው፤ ሜዳውም የአያቶቹ ግጦሽ ነው። በየወረዳው ስለ መሬት አጠቃቀም ወረቀት የሚያዘጋጅ ወጣት ሹም ግን፣ በካርታው ላይ ባዶ ሜዳ ተብሎ የተጻፈው ቦታ ከሥሩ በቤት የተሞላ መሆኑን አውቆ ቢጽፍ ጽሑፉ ሌላ መልክ ይይዛል። ጎዳንቱን ማደስ፣ ማለትም ሣሩ የሚያርፍበትን ወቅት ከሽማግሌዎቹ ጋር መስማማት፣ ከአዲስ አጥር ይልቅ ርካሽ ነው ብለን እናምናለን።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ መንግሥትና የውጭ ረዳቶች ብዙ ሠርተዋል። በ1991 እና በ1992፣ ከዚያም በ2003 የተነሣው የውሻ እብደት በሽታ ከየመንደሩ ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ ስለዚህ ውሾቹም ቀበሮዎቹም ይከተባሉ። በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት ቀበሮዎች 500 ገደማ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። ክትባት ለበሽታ መድኃኒት ነው፤ ለረኀብ ግን አይሆንም። ቀበሮው ከባሌ ሌላ በሰሜንና በመንዝ፣ በወሎና በአርሲ ተራሮችም ይገኛል፤ ፍልፈሉ ግን ሌላ አገር የለውም።

የአየሩ መሞቅም በዚህ ላይ ተጨምሯል። ብርዱ ወደ ላይ በሸሸ ቁጥር እርሻውና ቁጥቋጦው ወደ ላይ ይከተላል። በቆላና በደጋ መካከል የሚኖር እንስሳ ሲሞቀው ከፍ ይላል፤ በተራራ ራስ ላይ የሚኖር ግን ከፍ የሚልበት ቦታ የለውም። የባሌ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ድንጋይ እንጂ ለመቆፈር የሚመች አፈርና በቂ ሣር የለም።

ሥራ ወይም ጉብኝት ወደ ባሌ የወሰደው አንባቢ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚያልፈው መንገድ ሣነቴን ሲያቋርጥ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ከመኪናው ሳይወርድ ጥቂት ይቁም። ሰው ቆሞ የሚራመድ ከሆነ ፍልፈሉ የእግሩን ንዝረት ሰምቶ ይገባል፤ የቆመ መኪና ግን አያስፈራውም። መፈለግ ያለበት እንስሳውን ሳይሆን እርጥብ፣ ጥቁር፣ ገና ያልደረቀ አፈር ነው። ያን አፈር አይቶ ዓይኑን ሳይነቅል የጠበቀ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ አፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያም አንድ ሰፊ ራስ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አናቱ ላይ ይዞ ብቅ ሲል ያያል። በዚያን ጊዜ ዙሪያውንም ማየት አይዘንጋ፤ መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ሆዱን ከሣሩ ጋር አጣብቆ፣ ያንኑ አፈር የሚመለከት ሌላ ተመልካች ሊኖር ይችላል።